የፈረንጁ አማት

«አላውቅም» የምትባል ቃል አለች። ሌላው ሰው በቀን አሥር ጊዜ ይላታል፤ ብሏትም ምሳውን ይበላል፣ ደህና ይተኛል። እኔ ዘንድ ስትመጣ ግን ጉሮሮዬ ላይ ትቀራለች። እሷን ለማውጣት ስታገል አንገቴ ይቀድመኝና ወደ ታች ይላል። አንዴ ከነቀነቅኩ በኋላ ደግሞ ምን ይደረጋል? አውቃለሁ ማለት ነው። አለቃዬ አንድ ጊዜ «ወደ ኖፓ በላይኛው መንገድ ይሻላል ወይስ በታችኛው?» ብለው ጠየቁኝ። ኖፓን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። «በታችኛው ነው እንጂ ጌታዬ!» አልኩ። ሄዱ። በሁለተኛው ቀን እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ሲመለሱ «ዘንድሮ ዝናቡ አበላሽቶት ነው» ብዬ ደግሜ አወቅሁላቸው።

ይህ አመል ያመጣብኝን ጣጣ ሁሉ ብዘረዝር ቀኑ አይበቃኝም። ዛሬ የማወጋችሁ አንድ የተማረ ፈረንጅ እንዴት የኦቦ ቡልቲ ምራት እንደ ሆነ ነው። አዎ፣ ምራት ነው ያልኩት። ፈረንጁ ጢም ነበረው፤ ቢሆንም ምራት ሆነ።

ነገሩ የሆነው ጠላት ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መቱ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሳለሁ ነው። ፈረንጁ ሁለት የእንጨት ሣጥን በበቅሎ አስጭኖ ከተማችን ገባ። የመቱ ሰው ሣጥኑን አይቶ የየራሱን ግምት ሰጠ፤ አንዱ መድኃኒት ነው አለ፣ ሌላው መሬት መለኪያ ነው አለ፣ አንዲት ሴትዮ ደግሞ የሞተ ዘመዱን አጥንት ይዞ ነው የሚዞረው ብለው አማተቡ። ሣጥኑ ሲከፈት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ባዶ ወረቀት! የእጅ መዳፍ የምታህል ብጣሽ ካርድ፣ በሺህ የምትቆጠር። ሰውዬው በያንዳንዷ ላይ አንድ አንድ ቃል ይጽፍና በቀይ እርሳስ ቃሉን ከመሀሉ ይቆርጠዋል። ከተማው ስም ለማውጣት አልተቸገረም፤ «አቶ ቆራጭ» አለው።

አቶ ቆራጭ አማርኛን ከመጽሐፍ ነው የተማረው። ሰውን ሁሉ «እርስዎ» ይላል። በቅሎዋንም «እባክዎን ይራመዱ» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንድረዳው አለቃዬ ሲመድቡኝ እጄን ጨብጦ «እኔ የማጠናው ሞርፎሎጂ ነው፤ ያውቁታል?» አለኝ። አንገቴ ወደ ታች።

ደግነቱ ሰውዬው ሌላው ቢያውቅም ባያውቅም ማስረዳት ይወዳል። «ቃል አንድ ወጥ አይደለም» አለኝ፤ «ቃል ይገጣጠማል። ሥር አለው፣ ከፊት የሚጨመር አለው፣ ከኋላ የሚጨመር አለው። የአንድ ሕዝብ ቃል እንዴት እንደ ተሠራ ያወቀ ሰው፣ ሕዝቡ ዓለምን እንዴት እንደሚያይ ያውቃል። የእናንተን ‹አደረ› ይመልከቱ። አደረ፣ አሳደረ፣ አስተዳደረ! አስተዳዳሪ ማለት ሰው በሰላም እንዲያድር የሚያደርግ ማለት ነው!» አስተዳደር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ይህን የነገረኝ የለም። ለካ እኛ ባለጉዳዩን «ነገ ተመለስ» እያልን የምናሳድረው ስንፍና ሆኖ አይደለም፤ ሥራችን ነው። ወዲያው «ይህማ የኛ የቅኔ ቤት እርባ ቅምር ነው፤ እኔም በልጅነቴ ዘልቄዋለሁ» አልኩት። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁና፣ ቅኔ ቤት የቆየሁት ሦስት ወር ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንዱን ወር እከክ ይዞኝ ተኝቼ ነበር።

ሰውዬው ደስ አለው። «እንግዲያው እርስዎ የእኔ ሰው ነዎት» አለኝ። «የዚህን አገር ኦሮምኛ ላጠና ነው የመጣሁት። ሥራችን ሲሠምር ለላከኝ ትምህርት ቤት ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ረዳቴ ሆነው አዲስ አበባ ይገባሉ፣ ይማራሉም።»

እዚህ ላይ አልቀልድም። ይህን ነገር በጣም ፈለግሁት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ደብዳቤ ስገለብጥ፣ የሌላውን ሰው ሹመትና ዝውውር በጥሩ እጅ ጽሕፈት ስጽፍ ኖሬ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ስለ እኔ ሊጽፍ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዚያች ደብዳቤ ስል ምንም ነገር አውቃለሁ ለማለት ዝግጁ ሆንኩ።

ቤተሰቦቼ ከሰሜን መጥተው መቱ የከተሙ ናቸው፤ እኔ ግን ኦሮምኛን ያደግሁበት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን እኔው ራሴ ቃል ማቀበል ጀመርኩ። «ቡና» አልኩት። ፈረንጁ እርሳሱን አስቀመጠ። «አይሆንም፤ ይህ አማርኛ ነው» አለኝ። «በኦሮምኛም ቡና ነው» ስለው፣ «ከእናንተ ወስደውት ነው» አለ። ሰው ጠዋት ሲገናኝ የሚባባለውን «አካም ቡልቴ» አልኩት። ጭራሽ ሳቀብኝ። «ይህማ የእናንተ ‹እንዴት አደርክ› ቃል በቃል ተገልብጦ ነው። ወዳጄ፣ የእርስዎ ኦሮምኛ ከተማ ያበላሸው ነው። ከተማ ያልነካው ሰው ይፈልጉልኝ።»

ከተማ ያልነካው ሰው ሲል ትዝ ያሉኝ የቤት አከራዬ እትዬ ጫልቱ ናቸው። ከሁሩሙ ወዲያ ተወልደው፣ ማር ነጋዴውን ጋሼ ተሰማን አግብተው መቱ የመጡ ናቸው። ጋሼ ተሰማ ወሩን ሙሉ ማር ፍለጋ መንገድ ላይ ነው። እትዬ ጫልቱ አማርኛቸው ትንሽ፣ ሥራቸው ብዙ፣ ምላሳቸው ስል ነው። አማታቸው፣ የጋሼ ተሰማ አባት፣ ኦቦ ቡልቲ ይባላሉ፤ ሶር ፏፏቴ አጠገብ ነው የሚኖሩት፤ ለዓመት በዓል ይመጣሉ።

አቶ ቆራጭ ሣጥኑን ይዞ እትዬ ጫልቱ ደጅ ላይ ተቀመጠ። አንድ እፍኝ የቡና ፍሬ አንሥቶ «ይህን ምን ይሉታል?» አለ። እትዬ ጫልቱ ፍሬውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ትንሽ አሰቡ። «ጉራቲ» አሉ። ጥቁሯ ማለት ነው። ፈረንጁ ወደ እኔ ዞረ።

«ነው?»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ጉራቲ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ግን «አልሰማሁም» ብል የከተማ ብልሽት መሆኔ ይረጋገጣል፤ ደብዳቤዋም ትቀራለች። ምናልባት ጥልቁ ኦሮምኛ ይህ ይሆናል፣ እኔ የማውቀው ላይ ላዩን ነው አልኩ በልቤ። አንገቴ ወደ ታች።

እንጀራ ቀረበ። ሰፈሩ ሁሉ «ቡዴና» የሚለውን እሳቸው «ኛታ» አሉ፤ ምግብ ማለት ነው። የጠዋት ሰላምታ ሲጠየቁ «ነጋን ባሪቴ» አሉ፤ በሰላም ነጋልህ ወይ እንደ ማለት። «አስተዳዳሪ» ሲባሉ፣ ሁሉ ሰው «ቡልቻ» የሚለውን እሳቸው «ነምቻ ጉዳ»፣ ትልቁ ሰውዬ፣ አሉና ወደ ጓዳቸው ገቡ። በያንዳንዱ ቃል ፈረንጁ ወደ እኔ ይዞራል፤ በያንዳንዱ ቃል እኔ እነቀንቃለሁ። አንዳንዴም ከራሴ ጨምሬ «አያቶቻችን እንዲህ ነበር የሚሉት» እለዋለሁ። የኔ አያቶች ከጎጃም ነው የመጡት።

ስድስት ሳምንት እንዲህ ሠራን። አንድ ቀን አቶ ቆራጭ ካርዶቹን በሙሉ መሬት ላይ ዘርግቶ በመሀላቸው እየዘለለ መጣ። «አዩ!» አለኝ። «በ‹ቡ› የሚጀምር አንድም ቃል የለም! አንድም! ይህ ሕዝብ በ‹ቡ› የሚጀምር ቃል ከጥንት አልነበረውም ማለት ነው! ከተማው የሚላቸው ቡና፣ ቡዴና፣ ቡልቻ፣ ሁሉም ከውጭ የገባ ነው!» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በዚያው ቀን ለትምህርት ቤቱ ስምንት ገጽ ጻፈ። ዘጠነኛው ገጽ ስለ እኔ ነበር። አነበበልኝ። «ይህ ሰው ባይኖር ይህ ግኝት ባልተገኘ» ይላል። ሁለቱንም በአንድ ፖስታ ከተተና «ሐሙስ ሁሩሙ ገበያ ወጥቼ ቋንቋዬን ከሞከርኩ በኋላ አሽገዋለሁ» ብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ አኖረው።

ሐሙስ ሁሩሙ ወጣን። ገበያው ጢም ብሏል። አቶ ቆራጭ ቀጥ ብሎ ቡና ከዘረጉት ሴቶች ዘንድ ሄደ። ባርኔጣውን አነሣና ጎርነን ባለ ድምፁ «ነጋን ባሪቴ» አለ። ሴቶቹ ቀና አሉ። ወደ ቡናው እያመለከተ «ጉራቲ» ፈለገ። ሴቶቹ ተያዩ። እሱ ሞቅ ብሎት፣ ጉራቲውን ከጠጣ በኋላ ኛታ እንደሚበላ፣ መቱ ያሉት ነምቻ ጉዳም ሰላም እንዳሏቸው ነገራቸው።

መጀመሪያ የሳቀችው ማር ሻጯ ናት። ከዚያ ቡና ሻጮቹ፣ ከዚያ ጨው ሻጮቹ፣ ከዚያ ሳቁ በጎቹ ተራ ደረሰ። ማር ሻጯ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች በኦሮምኛ ጠየቀችው። «አንተ ሰው፣ የማን ምራት ነህ?»

«ምን አለች?» አለኝ ፈረንጁ።

እኔ ገና አልገባኝም። እሷን «ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት። «ምን ማለቴ ነው ትላለህ እንዴ? ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን የሚመስል ቃልም አትጠራም፤ ሌላ ቃል ትሠራለች እንጂ። ያማቴ ስም የዚህን የምሸጠውን ነገር ስም ይመስላል፤ ይኸው ሻጩ ሆኜ ስሙን ጠርቼው አላውቅም፣ ‹ጣፋጩን ግዙኝ› ነው የምለው። ይህ ሰውዬ ቡናን ይሸሻል፣ ቡዴናን ይሸሻል፣ ቡልቻን ይሸሻል። አማቱ በ‹ቡ› የሚጀምር ስም አለው። የት ቤት ነው የተማረው?» «እትዬ ጫልቱ ቤት» አልኳት። እጇን በጉልበቷ መታች። «የኦቦ ቡልቲ ምራት!» ብላ ጮኸች፤ ገበያውም ተቀብሎ ጮኸ።

ሚስት የባሏን አባት ስም እንደማትጠራ አውቅ ነበር። ስሙን ብቻ መስሎኝ ነበር። ከስሙ ጋር ግማሹ ቋንቋ እንደሚሸሽ፣ በሸሸውም ፋንታ ሴትዮዋ በየጓዳዋ አዲስ ቃል እንደምትሠራ አላወቅሁም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለኔ ነው።

«ምን ይላሉ?» አለ ፈረንጁ፣ ፈገግ ብሎ።

ደረት ኪሱን አየሁ። የፖስታው ጫፍ ብቅ ብሏል። ውስጡ ዘጠነኛው ገጽ አለ። «እንዲህ ያለ ጥልቅ ኦሮምኛ ከየትኛው ቤተሰብ ተማረው ብለው እያደነቁ ነው» አልኩት።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። ስንመለስ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ «ምራት ሆይ፣ ሰላም ነሽ?» ሲለው «የክብር ሰላምታ ነው» አልኩት። መቱ ስንደርስ ሴቶች ነጠላ እንዴት እንደሚከናነቡ ሲያሳዩት «ለእንግዳ የሚደረግ ነው» አልኩት፤ ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ በፎጣ ተከናነበ። አርብ ፖስታውን ሊያሽግ ሲል «ሰኞ ነው መኪና ያለው፣ አይቸኩሉ» አልኩት። ለምን እንዳዘገየሁት እስከ ዛሬ አይገባኝም። አንዱ እኔ ደብዳቤዋ ትሂድ ይላል፤ ሌላው እኔ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ወሬ ከሁሩሙ ተነሥቶ ሶር ለመድረስ በቅሎ አይፈልግም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ኦቦ ቡልቲ በከዘራቸው ተደግፈው፣ አንድ ሙክት በግና አንድ እንስራ ማር አስይዘው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ወደ ጓዳ የገቡት እትዬ ጫልቱ በበሩ ስንጥቅ ያያሉ። «አዲሲቷ ምራቴ የታለች?» አሉ ሽማግሌው። አቶ ቆራጭ ባርኔጣውን አንሥቶ ጎንበስ አለና «ነጋን ባሪቴ፣ አባ» አላቸው።

ኦቦ ቡልቲ ሳቁ። ከዘራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። አንሥቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ ግን ሳቃቸው ቆመና አጎዛው ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ንገረው» አሉኝ በኦሮምኛ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህችን ሰላምታ ከዚያ በር ኋላ እሰማታለሁ። ባለሁበት ስሜን እንደማትጠራ አውቃለሁ፤ ምራት ሁሉ አማቷ ባለበት ትጠነቀቃለች። ስመለስ ግን ማን ያውቃል? ስንቷ ናት አማቷ ጀርባውን ሲያዞር እንዳሻት የምትናገረው! ይህ እንግዳ ግን እኔን አያውቀኝም። አገሬንም አያውቅም። ስድስት ሳምንት ፊቷ ተቀምጦ ጠይቋት፣ እኔ በሌለሁበት፣ ማንም በማይሰማበት፣ አንድ ጊዜ እንኳ ስሜን አልነካችም። ይህን ያወቅሁት እሱ ገበያ ወጥቶ ስለ ጮኸ ነው። በጉ የእሷ ነው። ማሩ የእሱ ነው።»

ከበሩ ኋላ የታፈነ የለቅሶ ድምፅ ተሰማ።

«ምን አሉ?» አለ ፈረንጁ።

እናንተዬ፣ ይህን እንዴት አድርጌ ልዋሸው? ሽማግሌው እያዩኝ፣ ሴትዮዋ ከበር ኋላ እያለቀሱ «ስለ ትምህርትዎ የመጣ ስጦታ ነው» ልበል? አፌን ከፈትኩ። ቃል በቃል ነገርኩት። የምራቱን ነገር፣ የ‹ቡ›ን ነገር፣ የገበያውን ነገር፣ የነቀነቅሁትን ሁሉ። ስጨርስ ላብ አጥምቆኛል።

አቶ ቆራጭ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለ። ቀስ ብሎ ፖስታውን ከኪሱ አወጣ። አንድ ጊዜ ቀደደው፣ ደግሞ አጠፈና ቀደደው። ዘጠኙም ገጽ ነው የተቀደደው፤ እያየሁ ነው የተቀደደው። እኔም እንደ እትዬ ጫልቱ ማልቀስ አማረኝ፤ እኔ ግን የምሸሸግበት በር አልነበረኝም።

ቁጣውን ስጠብቅ ሰውዬው ቀና አለ። ዓይኑ እንደገና እንባ አቅርሯል። «ዘጠኝ ዓመት!» አለ። «አንዲት ሴት በራሷ ጓዳ ዘጠኝ ዓመት ቃል ስትሠራ! እኔ የቀድሞ ሰው ቃል እንዴት ሠራ እያልኩ አጥንት ስቆጥር፣ ቃል የምትሠራው ሰው ፊቴ ተቀምጣለች!» ብሎ ባዶ ካርድ አወጣ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር እንደገና ሠራን። ኦቦ ቡልቲ ወደ ሶር መመለስን ትተው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። እሳቸው «ቡና!» ይላሉ፣ እትዬ ጫልቱ ከበር ኋላ የራሳቸውን ይላሉ፤ ሁለቱ ቃሎች በሁለት ካርድ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሽማግሌው ስማቸውን የሚመስለውን ቃል ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጠሩ የልጅ ፊት ነበራቸው። ስለ ደብዳቤ ያነሣ የለም። እኔም አላነሣሁም፤ በምን አፌ!

ካርዱ ተልኮ መልስ መጣ። ትምህርት ቤቱ እትዬ ጫልቱን ለአንድ ወር አዲስ አበባ ጋብዟል። አንድ አስተርጓሚ ይዘው እንዲመጡ፣ አስተርጓሚውም ከፈለገ እዚያው እየሠራ እንዲማር ይላል። ጋሼ ተሰማ ከመንገድ ተጠርቶ መጥቶ «ይሁን» አለ። ኦቦ ቡልቲም «ትሂድ፤ እዚያ ስሜን የሚያውቅ የለም፣ አፏ ይረፍ» አሉ። «እዚያም አልጠራውም!» የሚል ድምፅ ከበር ኋላ መጣ። አስተርጓሚ ማን ይሁን ሲባል አቶ ቆራጭ «ራሳቸው እትዬ ጫልቱ ይምረጡ» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ። የቄሱ ልጅ ነበር፤ የፖስታ ቤቱ ጸሐፊም ነበር፤ ሁለቱም ከኔ የተሻለ ስም አላቸው። እኔ ሱሪዬን በፍራሼ ሥር አድርጌ ተኩሼ ከኋላ ቆሜያለሁ።

እትዬ ጫልቱ በበሩ ስንጥቅ አንድ በአንድ አዩንና «አንተ፣ ወዲህ ና» አሉኝ። ቀረብኩ። «ሎንጮርሳ ማለት ምንድን ነው?»

ሰው ሁሉ ያየኛል። በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ምናልባት የጥንት ቃል ነው፤ ምናልባት የእህል ስም ነው፤ የሆነ ነገር ብል ማን ያውቃል? አዲስ አበባ ታየችኝ። አንገቴ መውረድ ሲጀምር ይሰማኛል። አገጬን በእጄ ያዝኩት።

«አላውቅም» አልኩ።

«ይሂድ» አሉ እትዬ ጫልቱ።

ማመን አቃተኝ። ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ጠጋ ብዬ «እትዬ፣ እባክዎን፣ ያ ቃል ግን ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔም አላውቅም» አሉኝ፤ «አሁን ነው የሠራሁት።»